የሴትዮዋ ግራ ዓይን

ቬኔራ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቁልቁለቱን ወረደችው። ወረደችው ማለትም አይገልጸውም፣ ተንከባለለችው ቢባል ይሻላል። የራስ ሻርፗ አምልጦ እሾህ ላይ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በመንደሯ በሞንተሶርቦ ከእሷ እግር የሚፈጥን አንድ ነገር ብቻ አለ፣ እሱም አፏ ነው ይላሉ። ዛሬ ደግሞ እግሯ የሚሮጠው አፏ ያበላሸውን ቀድሞ ለመድረስ ነበር።

የሰማችው ምንጩ ዳር ነው። ጋሪ የሚነዳው የአክስቷ ልጅ በቅሎውን ሊያጠጣ ቆሞ እንደ ዋዛ ነገራት። የመሬታቸው ጌታ የባሮኑ እንደራሴ ዶን ፕላቺዶ ከካታኒያ ከተማ መጥቶ ከወንዙ ማዶ አድሯል። አራት ድንጋይ ቆራጮች ይዟል። መጋዝ፣ መሮ፣ ሙጫ የተነከረ ጨርቅና አንድ ሣጥን ሙሉ ገለባም ጭኗል። ገለባው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀችው።

«የሴት ፊት ተጠቅልሎ የሚሄድበት ነው አሉ» አላት። «ባሮኑ የምግብ አዳራሹ ወለል ላይ ሊያስተክላት ነው። እኩለ ቀን ሳይሆን ይደርሳሉ። ያ ሠዓሊው ልጅም አብሯቸው ነው።»

ያ ሠዓሊው ልጅ። እንስራዋን እዚያው ጥላ የሮጠችው ይቺን ስትሰማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞንተሶርቦ አውድማ እንደ ሌላው የሲሲሊ አውድማ አይደለም። ከላይ ሲያዩት እበትና ሸክላ ነው። ከሥሩ ግን ሴትዮዋ አለች። ከጥፍር በማይበልጥ ባለ ቀለም ጠጠር፣ አንዱ ካንዱ ተጠጋግቶ የተሠራች፣ ፀጉሯ ላይ የስንዴ ዛላ የሰካች፣ ዙሪያዋን ዓሣ የሚዋኝላት ቆንጆ ሴት ናት። በሮም ዘመን አንድ ጌታ እዚያ የገጠር ቤት ሠርቶ ሲኖር ያስነጠፋት ወለል ናት። ጌታውም ሞተ፣ ቤቱም ፈረሰ፣ ግድግዳው ከወይራው ሥር እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም ቀረ። ወለሉ ግን ደልዳላ ነው፤ የቬኔራ ቅድመ አያቶች አይተው ለመውቂያ ይሆናል አሉ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ላይ ስንዴ ሲበራይ ኖረ።

በዓመት አንድ ቀን፣ ለመንደሩ ሰው ብቻ ትታያለች፤ ለእንግዳ ስለ እሷ አይወራም። በሰኔ ከመውቂያው በፊት የአምናው ልቅላቂ ይፋቅና ወለሉ ይታጠባል፤ ለትዳር የደረሰች አንዲት ልጅ ተመርጣ ፊቷን በወይን ታጥባታለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እበትና ሸክላ ተለቅልቆ ትሸፈናለች። እንደዚያ ባይሆንማ የበቅሎ ኮቴ ድሮ በልቷት ነበር። አንዴ በልቷታልም። የግራ ዓይኗ ጠጠር ረግፎ ጉድጓድ ሆኗል፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዓይነ ስውር ሆና እንዳትቀር ብለው ጉድጓዱ ውስጥ የደረቀ ባቄላ በኖራ ይሰኩላታል። በዓመቱ የድሮው ባቄላ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል።

የወጣው ባቄላ ደግሞ ላጠበቻት ልጅ ይሰጣል። ልጅቷ ደብቃ ታስቀምጠዋለች። የሠርጓ ዕለት ይቀቀልና የመንደሩ ትልቅ ሴት እትዬ ጃኮማ በቢላ ለሁለት ትሰነጥቀዋለች፤ ግማሹን ሙሽራዋ፣ ግማሹን ሙሽራው ይበሉታል። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያደርጉት አለ፣ እሱም ጥሩ ነው። በሞንተሶርቦ ግን ባቄላው ካልተበላ ሠርግ ሠርግ አይባልም።

የዘንድሮዋ ተመራጭ ቬኔራ ነበረች። ባቄላውን በተቀበለች በማግስቱ አበደች ማለት ይቻላል። እየደባበሰች፣ እያሸተተች፣ ጡቷ ሥር ሸጉጣ ስትዞር ኢላሪዮን አገኘችው።

ኢላሪዮ ከካታኒያ የመጣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ባሮኑ የፈረሰውን ግድግዳ ሥለህ አምጣ ብሎ ልኮት ወይራው ሥር ተቀምጦ ይሥላል። ጣቶቹ በእርሳስ ጠቁረዋል፣ ባርኔጣው ለራሱ ሰፍቶታል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። አባቷ አይብ አድርሺለት ብሏት ሄደች፤ ልቧ ድንግጥ ያለው ያኔውኑ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አይቷት፣ እንዲህ ያለ ቤት ሥዕል ያለበት ወለል ሳይኖረው አይቀርም ነበር፣ ምን ያደርጋል ዝናብ አጥቦት ይሆናል አለ። ሲለው ደግሞ በጣም አዘነ። ታዲያ ቬኔራ እሱ ሲያዝን እንዴት ችላ ዝም ትበል? ፀጉሯን ነገረችው፣ ዛላውን ነገረችው፣ ዓሦቹን በጣቷ አየር ላይ ሣለችለት። አላምንም ሲላት ባቄላውን አወጣችና ኖራው እንዳለበት መዳፉ ላይ አኖረችለት። አንድ ቀን ልያዘው፣ መልሼ እሰጥሻለሁ አላት። ሰጠችው። በማግስቱ ባሮኑ ጠራውና ሄደ፣ ባቄላውም አብሮት።

አባቷ ማስትሮ ኮኖ የአውድማው አለቃ ነው። ስትደርስ የተሰነጠቀ መንሽ በጠፍር እያሰረ ነበር። እትዬ ጃኮማ ደግሞ የአውድማውን ዳር በመዳፏ እየመታች የልቅላቂውን መድረቅ ትሰማለች። ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የገባው ኮሌራ የቬኔራን እናት ሲወስድ እሷን እንኳ ቀና ብሎ አላያትም።

ቬኔራ ትንፋሽ ሳትወስድ ሁሉንም ዘረገፈችው። እንደራሴውን፣ መጋዙን፣ ሣጥኑን፣ ለሠዓሊው የነገረችው ራሷ መሆኗን ሁሉ። ባቄላውን ግን ዋጠችው። እሱን ለመናገር ምላሷ አልታዘዝ አለ፤ በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው።

አባቷ መንሹን መሬት ላይ አስቀመጠ። አልጮኸም፣ እጁንም አላነሳም።

«ፊቷን ቆርጠው ሲያወጡ ወለሉ ይከፈታል» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። «ውኃ ይገባል። በሁለት ክረምት አውድማ አይኖረንም፣ ሴትዮዋም አትኖረንም።» ከዚያ ወደ እትዬ ጃኮማ ዞረ። «ልቅላቂው እንዴት ነው?»

«ከላይ ደርቋል። ከሥሩ እንጃ፣ ገና የአሥር ቀን ልጅ ነው።»

«ይበቃል። ስንዴ አምጡ።»

እትዬ ጃኮማ ገባትና ቀና አለች። ቬኔራም ገባት። በሞንተሶርቦ ነዶ ተዘርግቶ በቅሎ መዞር ከጀመረ ምርቱ እስኪነሳ ድረስ ጫማ ያደረገ አውድማ አይረግጥም፤ ብረት የያዘም ዳሩን አያልፍም። ብረት ካየ እህሉ በረከቱን ይዞ ይሸሻል። ባሮንም ቢሆን፣ ጳጳስም ቢሆን ያው ነው። አንድ ነገር ግን አለ። የነጂው ድምፅ መቋረጥ የለበትም። ነጂው መሐል ቆሞ ገመዱን ይዞ በቅሎዎቹን እያዞረ፣ ቅዱሳኑን እየጠራ፣ እየዘፈነ፣ እየቀለደ ይውላል። ዝም ካለ መውቂያው ፈረሰ ይባላል፣ ያኔ ማንም መግባት ይችላል።

ነጂው አጎት ሮኮ ደግሞ ወባ ይዞት ከተኛ ሳምንቱ ነው።

«ማን ይነዳል?» አለች እትዬ ጃኮማ።

ማስትሮ ኮኖ ልጁን አያት። «አፏ ያመጣውን አፏ ይመልሰው።»

«ሴት ነድታ አታውቅም፣ ኮኖ።»

«ሴት ምስጢሩን አውጥታም አታውቅም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩት። ሰው ሁሉ በሁለት እግሩ ወደ እርሻው ሮጠ። ሳምንት ሙሉ ሊደርቅ የታሰበው ስንዴ በሴቶች ራስ፣ በአህያ ጀርባ፣ በሕፃናት ክንድ ወረደ። ማን ይህን እንዳመጣ ሁሉም አውቋል፤ ቬኔራን የሚያናግራት ግን የለም። የነዶውን ማሰሪያ እየፈቱ ከአጠገቧ ሲያልፉ ብቻ አንዳንዷ በክርኗ ጎሸም ታደርጋታለች። ይገባታል፣ ምን ትበል። ገመዱን ጨበጠች፣ በባዶ እግሯ መሐል ቆመች። ከእግሯ ሦስት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ ከጭዱም ከእበቱም በታች፣ ሴትዮዋ በአንድ ዓይንና በአንድ ባቄላ ወደ ላይ ታያለች። ሁለቱ በቅሎዎች፣ ሞሬታና ቢያንካ፣ ጆሯቸውን ቀሰሩ። ቬኔራ አፏን ከፈተች። አፏን ስትከፍት ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፍርሃቱ ጥሏት ሄደ። ይሄ እኮ የምትችለው ነገር ነው። ለዚህ የተፈጠረች እስኪመስላት ድረስ ድምፏ ወጥቶ ሸለቆውን ሞላው።

ሁለተኛው ዙር ላይ ፈረሶቹ ብቅ አሉ።

ዶን ፕላቺዶ ከፊት ነው፤ የከፋይ ካባ፣ የብር ዘለበት ያለው ጫማ፣ ኮርቻው ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ። ከኋላው ቆራጮቹ ሣጥናቸውን በበቅሎ ጭነው ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ኢላሪዮ፣ ባርኔጣው እስከ ቅንድቡ ወርዶ። ቬኔራ አየችውና የቅድስት አጋታን ስም ሁለቴ ጠራች።

ማስትሮ ኮኖ ቆቡን አውልቆ እንደራሴውን በክብር ተቀበለው፤ ወይንና ውኃ አስመጣ። ዶን ፕላቺዶ አልቀመሰም። የባሮኑን ደብዳቤ አውጥቶ አነበበ፤ መሬቱም፣ ከመሬቱ በታች ያለውም የባሮኑ ነው፣ ሰዎቼ ሥራቸውን ይጀምሩ አለ።

«ይጀምሩ እንጂ ጌታው» አለ ማስትሮ ኮኖ። «ስንዴው ተዘርግቷል፣ እርስዎም እያዩት ነው። ምርቱ ሲነሳ ይጀምራሉ።»

ዶን ፕላቺዶ ትዕግሥቱ አለቀና ለቆራጮቹ ምልክት ሰጠ። ቆራጮቹ ግን መጋዛቸውን እንደታቀፉ አውድማው ዳር ቆሙ። ከመካከላቸው በዕድሜ ታላቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ ጌታዬ። ብረት ይዤ ስንዴ ላይ ብገባ እናቴ ከመቃብሯ ተነሥታ በጥፊ ታጮለኛለች።»

«እናትህ የት ነው የተቀበረችው?»

«ከተራራው ወዲያ፣ የሁለት ቀን መንገድ ነው።»

«እንግዲያው አትደርስም።»

«እናቴን አያውቋትም ጌታዬ።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በሻርፓቸው አፈኑ። ዶን ፕላቺዶ ቀላ፤ ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ ከፈረሱ ወረደና ወይራው ሥር ተቀመጠ። እጠብቃለሁ አለ። ሴት ልጅ ናት፣ ጉሮሮዋ እስከ መቼ ይዘልቃል አለ። ቬኔራ ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣ። እሷን ነው በወሬ ሊያደክማት የፈለገው?

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የጭዱ አቧራ ጉሮሮዋ ውስጥ ገባ። የምታውቃቸውን ቅዱሳን ጨርሳ የማታውቃቸውን ጀመረች። የበቅሎዎቹን የዘር ሐረግ ዘፈነች፣ የቄሱን አፍንጫ ዘፈነች። ድካሙ አእምሮዋን ሲይዘው አጎት ሮኮ ሁልጊዜ የሚለው ግጥም ሳታስበው አመለጣት፦

«ዙሪ እንጂ ሞሬታ፣ አትቁሚ በከንቱ፣
ገለባው ከላይ ነው፣ ከሥሩ ነው ሀብቱ።»

እትዬ ጃኮማ ዓይኗን ጨፈነች። ዶን ፕላቺዶ ከወይራው ሥር ተነሣ።

ብረት የያዘ አይገባም ከተባለ ያልያዘ ይገባላ አለ። ኢላሪዮን ጠራውና ጫማህን አውልቅ፣ ግባ፣ ፊቷ የት ጋ እንደሆነ በእግርህ እየዳሰስክ ፈልግና ቁመህ አሳየኝ አለው። ቦታውን ምልክት እናደርጋለን፣ ምርቱ በተነሣ ቀን በቀጥታ እንመጣለን። ይህን ማንም ሊከለክል አልቻለም፤ ሕጉ አይከለክልማ።

ኢላሪዮ ጫማውን አውልቆ ገባ። እግሩ ነጭ ነው፣ ጭዱ ሲወጋው እንደ ድመት እየዘለለ ነው የሚራመደው። በቅሎዎቹ ሲዞሩ ቬኔራ አጠገብ ደረሰና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አምላክን፣ ቬኔራ፣ ይቆርጧታል ብዬ አይደለም የነገርኳቸው» አላት። «እሥላት ዘንድ ይፈቅዱልኛል ብዬ ነው። ደስታው አላስችል ብሎኝ ነው።»

እሷ መመለስ አትችልም፣ ድምፏ የበቅሎዎቹ ነው። ግን አየችው። አፉን መያዝ የማይችል ሰው ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቃለች።

ሁለት እርምጃ ተራመደ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ቬኔራ ሳታስበው ሽምቅቅ አለች። እሱም አየ። እግሩ በትክክል ያረፈው ሴትዮዋ ግንባር ላይ ነው። አሁን አወቀ፣ እሷም እንዳወቀ አወቀች፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

«እዚያ ነው?» አለ ዶን ፕላቺዶ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ነሽ የነገርሽው። እዚያ ነው?»

ዝም ብትል መውቂያው ይፈርሳል። እውነቱን ብትናገር ሁሉም ይፈርሳል። ቬኔራ ገመዱን ሳበችና በቅሎዎቹን እያዞረች በዜማ መለሰችለት፦

«ጌታው ይጠይቃሉ፣ እኔ ወሬኛ ነኝ፣
ትናንት ያወራሁትን፣ ማን ያስታውስልኝ።
ድመቴ ስትጸልይ፣ አይቻለሁ ብዬ፣
ቄሱ ቤት ሮጫለሁ፣ ጫማዬን ጥዬ።»

ሰዉ ሣቀ፤ እውነት ነዋ፣ አምና ሮጣለች። አንዲቱ ሴት ለእንደራሴው የድመቷን ነገር ታስረዳው ጀመር። ሌላዋ ደግሞ ቬኔራ የቅዱስ ቪቶ ሐውልት በዓይኑ ጠቀሰኝ ብላ መንደሩን ያስነሳችበትን ቀን ጨመረችለት። እየተቀባበሉ አፈሰሱት። ጠዋት ያኮረፏት ሁሉ አሁን ስለ ውሸቷ ለመመስከር ይሻማሉ። ዶን ፕላቺዶ ግን ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም።

«ሴትዮዋስ? ሴትዮዋም እንደ ድመቷ ናት?»

ቬኔራ ኢላሪዮን አየችው። ጉንጯ ከፀሐዩ በላይ ጋለ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ሊታመንላት የሚችለው፤ እሱም ከተናገረችው ወዲያ ቀና ብላ ሰው ፊት የማያስቆማት ነገር ነበር። ተናገረችው፣ ሸለቆው እስኪሰማ፦

«ሴትዮ የለችም፣ ያለው እበት ጭቃ፣
ዓይኑ አምሮኝ ዋሸሁት፣ ይኸው ነው በቃ።»

ሳቁ ቆመ። ማስትሮ ኮኖ መንሹን እንደያዘ ደረቀ። ኢላሪዮ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ግን አፉን በእጁ አልሸፈነም።

«ይቺ ልጅ ውሸታም ናት፣ ኢላሪዮ?» አለ እንደራሴው ቀስ ብሎ።

ኢላሪዮ እግሩን አየ። «በጣም ነው የምትዋሸው ጌታዬ። አሁን ነው የገባኝ። ከሥሩ ምንም የለም፣ አለት ነው።»

«እንግዲያው ካታኒያ ላይ ለባሮኑ ያሳየኸው ምንድን ነው? የሥዕሏ ዓይን ነው፣ ኖራው አለበት ብለህ የማልክበት?»

ኢላሪዮ እጁን ኪሱ ከተተና ባቄላውን አወጣ።

የቬኔራ አባት ባቄላውን አየ። ሴቶቹ አዩ። እትዬ ጃኮማ ወደ ቬኔራ ዞረች። የቬኔራ ድምፅ ቀጠነ፣ ሞሬታ፣ ሞሬታ እያለ ብቻ ቀረ።

«አምጣው ወዲህ» አለ ዶን ፕላቺዶ፣ እጁን ዘርግቶ። «ኖራውን ለአዋቂ አሳያለሁ።»

ኢላሪዮ ባቄላውን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ባቄላ እኮ ነው ጌታዬ» አለ፣ ወደ አፉም ወረወረው። ቀጭ አለ። ዓመት ሙሉ የደረቀ ባቄላ ነው፣ የጥርሱም ይሁን የባቄላው አልታወቀም። እንባው እየወረደ አኘከው፣ ከነኖራው፣ እስከ መጨረሻው፣ ዋጠውም።

ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቬኔራ ራሷ ዝም አለች። መውቂያው በፈረሰ፣ አባቷ ባይደርስላት። ከተወለደች ሲዘፍን ሰምታው የማታውቀው ማስትሮ ኮኖ በተሰነጠቀ ድምፁ በቅሎዎቹን ጠራና ገመዱን ተቀበላት።

ዶን ፕላቺዶ አንዴ ሠዓሊውን፣ አንዴ ሴቶቹን አየ። ካታኒያ ተመልሶ ለባሮኑ የሚለውን እያሰበ ነበር መሰል። በባቄላ የተነሳ አራት ቆራጭ ይዤ ሁለት ቀን ተጓዝኩ ሊል ነው። ለሠዓሊው ከእንግዲህ የባሮኑን ደጅ እንዳትረግጥ አለው፣ ፈረሱ ላይ ወጣ፣ ቆራጮቹን አስከትሎ ሄደ። ታላቁ ቆራጭ ሲያልፍ አውድማውን ተሳለመ። ሴትዮዋ ያልገባችበት የገለባ ሣጥን በበቅሎዋ ጀርባ እየተንኳኳ ወንዙ ድረስ ተሰማ።

ኢላሪዮ ጉንጩን ይዞ ቆሟል። ሰዉ ለምን እንደዚያ እንደሚያየው አልገባውም። የማይገባ ነገር አድርጌ ይሆን ብሎ ጠየቀ።

«ሙሉውን ዋጥከው?» አለች እትዬ ጃኮማ።

«አዎ እትዬ። ጥርሴንም ሳልጨምር አልቀረሁም።»

እትዬ ጃኮማ አማተበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጁን ጫማ ከአውድማው ዳር አነሣችና እንዳይሄድ ሽርጧ ሥር ደበቀችው። ማስትሮ ኮኖ ዙሩን ሳያቆም፣ ዜማውን ሳያቋርጥ፣ በጠፍር የታሰረውን መንሽ በእግሩ ወደ ኢላሪዮ ገፋለት። ኢላሪዮም መንሹን አነሣው፤ በየትኛው በኩል እንደሚያዝ ግን አላወቀም።

ቬኔራ የት ትግባ? እጇንም፣ ዓይኗንም፣ ፊቷንም የምታኖርበት አጣች። እትዬ ጃኮማ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ግማሹ ያንቺ ነበር» አለቻት። «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ሂጂና ተቀበይው።»